በወሩ ስብሰባ ስለ አደይ አበባ ያሰማነው ንግግር



ፈረንጆች «አትርሳኝ» የሚሏት ትንሽ ሰማያዊ አበባ አለቻቸው፤ በየደጃቸው ይዘሯታል። የኛዋን አደይ ግን ሜዳው ራሱ ያበቅላታል ብለን ትተናታል። ዛሬ አየር ጤና ላይ ሜዳ የቱ ጋ ቀረና?

የአምናው ጥፋት የኛው የማኅበሩ ነው። ለመስቀል ጽዳት ብለን የቦዩን ዳር ከነአበባው አጨድነው። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት፤ ዘሯን ሳትጥል ከታጨደች ለከርሞ የለችም። ዘንድሮ ልጆቻችን ለእንቁጣጣሽ ይዘው የዞሩት ከገበያ የተገዛ ነው። በየአጥሩ ጥግ የተረፉት ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ መስከረም 16 ለደመራ ስትቀጥፉ ከነሥሯ አትንቀሉ፤ ግማሹንም ለዘር ተዉ። አበባዋ ደርቆ ፍሬው በእጅ ሲነካ የሚረግፍ ሲሆን ሰብስባችሁ በወረቀት ጠቅልሉት። በፌስታል አይሁን፣ ይሻግታል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ መበተን ነው፤ ከላይ ብዙ አፈር አትጫኑበት። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይሁን እንጂ ፍግ እንኳ አትጠይቅም።

የቦዩ ዳር ከመጪው ሰኔ እስከ ኅዳር 30 አይታጨድም። ከብት ያላችሁም አደራ። ዘር የያዛችሁ ለጸሐፊው አስረክቡ።