ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የቤታችን ማዕድና የማታው መክሰስ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ከእራት በፊት ሩብ ሰዓት ሰጥተውኛል። የራበው ሰው ፊት ስለ ምግብ ማውራት አስቸጋሪ ስለሆነ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

“ሆድ ካገር ይሰፋል” ይባላል። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም እንደመሆኔ ከማያቸው ሰዎች መካከል ግን ሆዳቸው በእውነት የጠበበባቸው እየበዙ መጥተዋል። ክብደት ለመቀነስ ብለው የጨጓራ ኦፕራሲዮን ያደረጉትን ማለቴ ነው። አንዳንዶቹ እዚሁ አዲስ አበባ ያደርጉታል። ሌሎቹ ቱርክ ወይም ሌላ አገር ሄደው፣ በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ ይመለሳሉ። ሰርጀኑ እዚያው ይቀራል፤ ጨጓራው ግን ወደ እኛ ይመጣል። ዛሬ ስለ ቀዶ ሕክምናው አላወራም። የማወራው ከዚያ በኋላ ስላለው ቁርስ፣ ምሳና እራት፣ በተለይም ስለ ማታው መክሰስ ነው።

ሐኪም ላልሆናችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ስሊቭ በሚባለው ዓይነት ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተሠርታ ከአንጀት ጋር ትያያዛለች፤ ምግቡም የቀረውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። በሁለቱም ሰውየው የሚበላው ያንሳል፤ የረሃቡም ስሜት ለጊዜው ጋብ ይላል። ነገር ግን የሰውነት የፕሮቲንና የቫይታሚን ፍላጎት አብሮ አልተቆረጠም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው ምክር በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይገኝ የሚል ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል፣ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣል። እስቲ ደምሩት። በጥቂት ማንኪያ በሚሞላ ሆድ 60 መድረስ ቀላል ሥራ አይደለም። ለዚህ ነው ታካሚዎቼን “ከወጡ ጀምሩ፤ እንጀራው መጨረሻ ላይ ቦታ ከተረፈ ይግባ” የምላቸው። ለእኛ ሰው ይህ ማዕዱን መገልበጥ ነው። ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ያለቅሳሉ።

ከውጭ የሚመለሱት የምግብ መመሪያ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ በራሱ ጥሩ ነው፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ማዕድ ነው። ስለ ሳልመንና ስለ ፕሮቲን ዱቄት ይናገራል። ስለ ሽሮ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ጉርሻ አንድም ቃል የለበትም። ስለዚህ ሰርጀኑ ያዘዘውን ቅደም ተከተል ሳንለውጥ ወደ ራሳችን ወጥ ቤት ማምጣት አለብን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ የተጣራ የዶሮ መረቅ፣ ወተት፣ በወተት የተሠራ ስኳር የሌለው ቀጭን አጥሚት። ቀጥሎ እንደ ገንፎ የላመ ይመጣል፤ የተፈጨ ምስር፣ በርበሬ ያልበዛበት ቀጭን ሽሮ፣ አይብ፣ እርጎ። ከዚያ ለስላሳው፤ የእንቁላል ፍርፍር፣ አጥንቱ በደንብ የወጣ ዓሣ፣ ክክ አልጫ፣ በሚገባ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ። ሁለተኛው ወር ካለፈ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ማዕድ ቀስ እያሉ መመለስ ይቻላል። የደረቀ ጥብስ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ፈተና ነው።

አበላሉም ተለውጧል። አንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። እየበሉ መጠጣት የለም፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ውኃ በቀኑ ውስጥ በጉንጭ በጉንጭ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይገባል። ለስላሳ መጠጥ ይቀራል። ጠጁና አረቄውም ከድሮው ፈጥኖ ደም ውስጥ ስለሚገባ “አንድ ብርሌ ምን ያደርገኛል” ማለት አያዋጣም።

አሁን ወደ ማታው ልምጣ። ቀን ላይ ሥራ አለ፤ ሰው ራሱን ይገዛል። ማታ ግን ቤተሰቡ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይሰበሰባል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ቆሎና ብስኩት ይቀርባል። ከስድስት ወር ከዓመት በኋላ ደግሞ የረሃቡ ስሜት ቀስ በቀስ ይመለሳል። ብስኩት፣ ኬክና ሳምቡሳ በጠባቧ ጨጓራ ቶሎ ሾልከው ያልፋሉ እንጂ አያጠግቡም። አንድ ሰሃን ወጥ መጨረስ ያቃተው ሰው ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ አንድ ፓኬት ብስኩት ሊጨርስ ይችላል። ክብደቱ ተመልሶ ከሚመጣባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። ባይፓስ ያደረገ ሰው ጣፋጭ ሲበዛበት ደግሞ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ያዞረዋል፣ ያስቀምጠዋል። ስሊቭ ያደረገው በልቶ ወዲያው ከተኛ ቃር አያስተኛውም።

እኔ “ማታ ምንም አትቅመሱ” አልልም። የተከለከለ ሰው ተደብቆ ይበላል። የምለው ይህ ነው፦ መክሰሱ የታሰበበት ይሁን፤ በሰሃን ይቀመጥ፤ ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ፕሮቲን ይኑረው። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። ስኳር የሌለበት ግማሽ ኩባያ እርጎ ይበቃል። ሦስት አራት ማንኪያ ጎመን በአይብ፣ እራት ላይ ከተረፈው ዶሮ ጥቂት፣ ወይም በደንብ በስሎ ልጡ የወጣ የሽምብራ ንፍሮ ግሩም መክሰስ ነው። ቆሎም ቢሆን ጨጓራው ከዳነና ሰውየው ማኘክ ከለመደ በኋላ ጥቂት ፍሬ ቆጥሮ ቢይዝ አልጣላውም። ቆሎው በሰፌድ መሐል ላይ ሲቀመጥ ግን ማንም አይቆጥረውም።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የጾም ምግባችን እንደ እድል ሆኖ በጥራጥሬ የበለጸገ ነው፤ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ስልጆ፣ የአኩሪ አተር ወተት አለ። የሚያሳስበኝ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየቱና ቀኑን ሙሉ የቀረውን በአንድ ማዕድ ለማካካስ መሞከሩ ነው፤ ትንሿ ጨጓራ ይህን አትችልም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመምተኛ መሆናቸውን አስበው ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ እነግራቸዋለሁ። ሙስሊም ታካሚዎቼም ስለ ረመዳን እንዲሁ ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ይነጋገራሉ። እስካሁን “ሕክምናሽን ትተሽ ጹሚ” ተብላ የተመለሰች አልገጠመችኝም።

ቫይታሚኑ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። “ጤፍ ብረት አለው” ብሎ ክኒኑን መተው አይቻልም። የብረቱን ክኒን ከቡናና ከሻይ፣ ከካልሲየሙም ማራቅ ያስፈልጋል።

አንዲት ታካሚ ልንገራችሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። ውጭ አገር ኦፕራሲዮን አድርጋ ስትመለስ ከባሏ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ለቤተሰቡ “ጨጓራ ይዞኛል” አለች። እዚህ አገር ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? ሁሉም አመናት፤ ተልባውና አብሹ ይመጣላት ጀመር። እንግዳ ሲመጣ ግን “በሞቴ”፣ “አፈር ስሆን” እየተባለ ትጎርሳለች። “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ተብሎም ይደገማል። ከዚያ ጓዳ ገብታ ታስመልሳለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነች። “ከኦፕራሲዮኑ ነው፤ ያልፋል” ብላ ዝም አለች። በመጨረሻ ስትራመድ መንገዳገድ ጀመረች፤ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ታያት። የታያሚን እጥረት ነበር። ሰውነታችን የሚያስቀምጠው ታያሚን ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም፤ ትውከት ሲደጋገም ቶሎ ያልቃል። በደም ሥር ተሰጣትና ዓይኗ በቀናት ውስጥ ተሻለው። እርምጃዋ ግን ወራት ፈጀባት። ኦፕራሲዮኑ ተሳክቶ ነበር፤ የጎዳት ምሥጢሩና ማዕዱ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው። በየሆስፒታሉ ላላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፦ የሚያስመልሰውን ሰው “የጨጓራ ኦፕራሲዮን አድርገህ ታውቃለህ?” ብላችሁ ለብቻው ጠይቁት፤ አድርጎ ከሆነም ግሉኮስ ከመስቀላችሁ በፊት ታያሚን ስጡት። ውጭ አገር ላላችሁ፦ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሕመምተኛ ምን እንደተሠራለት የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዝ።

ለመምህሮቻችን፦ እኛ ስንማር ስለ አመጋገብ የሰማነው በጣም ጥቂት ነበር። የአገራችን ምግቦች ይዘት ተለክቶ በሠንጠረዥ ታትሟል፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም አሉን። ተማሪዎቹ ከእነሱ ጋር ሆነው በአማርኛ፣ በሽሮና በአይብ ቋንቋ አንድ ገጽ መመሪያ ቢያዘጋጁ፣ እኔ ነገውኑ ለታካሚዎቼ መስጠት እጀምራለሁ።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። አሁን እራት ይቀርባል። ትንሽ ሰሃን ይዞ፣ ቀስ ብሎ የሚያኝክ፣ ቶሎ “በቃኝ” የሚል ሰው አጠገባችሁ ቢቀመጥ ለምን ብላችሁ አትጠይቁት፤ በጉርሻም አታስጨንቁት። ጨዋታውን ብቻ አካፍሉት።