በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ፤ ደረሰኝ ታነባላችሁ። ይህ እውቀት ለሌላም ትልቅ ሥራ ይውላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑኝ አንድ ሽማግሌ ወታደር ናቸው።

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ መስቀል ፍላወር የሚባል ሰፈር አለ። እኒህ አዛውንት የሚኖሩት እዚያ ነው። የኮሪያ ዘማች ናቸው።

ኮሪያ የት ነው? ከኢትዮጵያ በስተምሥራቅ፣ ከቻይና አጠገብ ነው፤ በጣም ሩቅ ነው። በሰኔ 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡብ ኮሪያን ወረረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም አገሮች እንዲረዱ ጠየቀ። ኢትዮጵያ ጦር ላከች። ለምን ላከች? ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን የዚያን ጊዜው የዓለም መንግሥታት ማኅበር አላዳነንም። ተወርሮ ብቻ መቅረት ምን እንደሆነ እናውቀዋለን።

የዘመተው ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል በመርከብ ተጓዘ። አንዱ ሻለቃ ሲመለስ ሌላው እየተተካ፣ ተኩስ እስከቆመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ተዋጉ። ከ120 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ታዲያ አዛውንቱ ስለ ጀግንነታቸው ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ አንድ ደብዳቤ ነው።

«ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር» ይላሉ። «ለእናቴ የሚጽፍልኝ ጓደኛዬ ነበር። አንድ ሌሊት ተራራው ላይ ወደቀ። ኪሱ ውስጥ ደብዳቤ ተገኘ። የሱ ይሁን የኔ መለየት አቃተኝ። በሌላ ሰው ባስነብበው የኔ ነው። ለእናቴ ደህና ነኝ ይላል። ፊደል ልማር ብዬ የማልሁት ያን ቀን ነው።»

ሲመለሱ ተማሩ፤ ቃላቸውን ጠበቁ። ነገር ግን ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የነበረው መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበርና፣ ስለዚያ ዘመቻ በኩራት መናገር ቀረ። ሜዳሊያቸውን ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ለኮሪያ ዘማቾች ሐውልት ቆሟል። ሆኖም ሐውልት የእያንዳንዱን ሰው ታሪክ አይናገርም።

አሁን ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፏል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፤ የልጅ ልጃቸው በደብተር ትጽፋለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስጻፉት የራሳቸውን ስም አይደለም፤ የዚያን ጓደኛቸውን ስም ነው።

ወገኖቼ፣ በእናንተም ቀበሌ ዘምተው የተመለሱ ሽማግሌዎች አሉ። እስቲ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ በአክብሮት ጠይቋቸው። «አባቴ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ዘመቱ? የት ዘመቱ? ከማን ጋር ነበሩ? ማን ሳይመለስ ቀረ? ሲመለሱስ ኑሮ እንዴት ተቀበለዎት?» በሉ። የሚሉትን እንዳሉት ጻፉ፤ አታሳምሩት። እንባ ቢቀድማቸው አትቸኩሉ፤ ነገ ተመለሱ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ካለ ያርሙታል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ሽማግሌው እያሉ፣ እናንተም ብዕር መያዝ ችላችሁ ሳለ፣ ለነገ አትበሉት። የመጀመሪያውን ገጽ ዛሬ ማታ ጀምሩ።