«አልጣመንም» የሚለውን ቃል ስለ መስማት

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምግብ ዋስትና ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ንግግራችንን በራሳችን ስሕተት እንጀምራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ የአገራችን ክፍል በሚገኝ አንድ ሰበካ፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ የስኳር ድንች ተክል ለእናቶች አከፋፍለን ነበር። ይህ ስኳር ድንች ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር በብዛት አለው። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ሕፃናት ለዳፍንት ይጋለጣሉ፤ በሽታን የመቋቋም ኃይላቸውም ይዳከማል። ተከላው ሠመረ፤ ሪፖርታችንም አማረ። በምርት ጊዜ ተመልሰን ስንሄድ ግን ድንቹ ለከብት ሲቀርብ አገኘነው። ምክንያቱን ብንጠይቅ እናቶች «አልጣመንም» አሉን። እኛም በመዝገባችን ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ብለን ጻፍን።

ያረሙን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «ልጆቼ፣ የእኛ ድንች ደረቅ ነው፤ ያጠግባል። ይህ ግን ውኃ ያዘለ ነው፤ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ቀድማችሁ ብታቀምሱን ኖሮ ይህን እንነግራችሁ ነበር» አሉን። የተናገሩት እውነት ነበር። ብርቱካንማዎቹ ዝርያዎች በአብዛኛው ከነጩ ይልቅ ውኃ ይበዛባቸዋል። ግንዛቤ የጎደለን እኛ ነበርን።

ከዚያ ወዲህ የሰው ጣዕም ለምን እንደሚለያይ መጠየቅ ጀመርን። ሦስት ምክንያቶችን እናንሣ።

የመጀመሪያው ከአፈጣጠራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ በቤተ ሙከራው አንድ ዱቄት በነነበት። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው «መረረኝ» ሲል፣ ለእርሱ ግን ምንም አልተሰማውም። ልዩነቱ ከወላጆች የሚወረስ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ከዚህ ዱቄት ጋር የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች በጎመን ወገን አትክልቶች ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አንዱ ልጅ በደስታ የሚበላውን ጎመን ወንድሙ «መራራ ነው» ብሎ ቢገፋው፣ ሁልጊዜ ቅብጠት ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ከእናት ነው። እናት የምትመገበው ምግብ ጣዕም በማኅፀን ውኃና በጡት ወተት በኩል ለልጇ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች፣ የካሮት ጣዕም ያለው ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን የማጨማደዳቸው ነገር ያነሰ ነበር። ልጅ ገና ሳይወለድ የአገሩን ማዕድ ይለምዳል ማለት ነው።

ሦስተኛው ልማድ ነው። በቆጮ ላደገ ሰው የቆጮ ሽታ የቤቱ ሽታ ነው፤ ለማያውቀው እንግዳ ግን ይከብደዋል። በእንጀራ ያደግን ሰዎችም የእንጀራን ኮምጣጣነት አናስተውለውም፤ እንግዳ ግን አስቀድሞ የሚያስተውለው እርሱን ነው።

ልማድ ግን በጊዜ ይለወጣል። በርበሬ መገኛው የአሜሪካ ምድር ነው፤ ድንችም እንደዚሁ። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ ድንች ወጥ በብዙ ቤት የጾም ገበታ ሆኗል። ዛሬ «የአባቶቻችን ጣዕም» የምንለው ሁሉ አንድ ቀን ለአንድ ሰው እንግዳ ነበር።

እንግዲህ በየሰበካችን ምን እናድርግ?

አስቀድመን እናስቀምስ። ዘር ወይም ተክል ከመከፋፈሉ በፊት፣ ሁለት ሦስት ዝርያ በአካባቢው እናቶች እጅ ይቀቀልና ይቀመስ፤ የሚተከለውንም እነርሱ ይምረጡ።

አዲሱን ከሚታወቀው ጋር እናስተባብር። ብርቱካንማው ስኳር ድንች ብቻውን ባይጥም በቂጣ ወይም በገንፎ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጥቂት ዘይት ቢጨመርበት ሰውነት ንጥረ ነገሩን የበለጠ ይወስደዋል።

ልጆችን በትዕግሥት እንጠብቅ። ሕፃን አዲስ ምግብን ከመቀበሉ በፊት ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። በሁለተኛው ቀን «ይህ ልጅ አይወድም» ብለን ተስፋ አንቁረጥ፤ በቍጣ የጎረሰም ምግቡን የበለጠ ይጠላዋል።

አባቶች ካህናትም በዝክርና በጽዋ ማኅበር ላይ አዲሱ ምግብ ሲቀርብ ቀድማችሁ ቅመሱት። ምእመኑ ከስብከታችን ይልቅ እጃችን የቆረሰውን ያያል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን በላከው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ፣ በመብል ምክንያት ወንድም በወንድሙ ላይ እንዳይፈርድ አስተምሯል። የእርሱ ነገር የሕሊና፣ የእኛ ደግሞ የጣዕም ቢሆንም፣ ምክሩ ለእኛም ይሠራል። «አልጣመንም» ያሉንን እናቶች አላዋቂዎች ያልን ዕለት የተጎዱት ሕፃናቱ ናቸው፤ ምግቡ በደጃቸው እያለ አልበሉትም። በቀጣዩ ዓመት ወደዚያ ሰበካ ስንመለስ ድስት ይዘን ሄድን፤ ደረቅ ያለውን ዝርያ እናቶች ራሳቸው መረጡ። ሪፖርታችን አጠረ፤ ድንቹ ግን ተበላ።

እግዚአብሔር አምላክ ማዕዳችንን ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።