የዘመን ወሰን የት ላይ ነው?

ድንቅነሽ በፕሊዮሲን ዘመን ኖረች ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለመሆኑ ፕሊዮሲን የት ላይ አበቃ፣ ተከታዩ ፕላይስቶሲንስ የት ላይ ጀመረ? ወሳኙስ ማን ነው?

ብዙ ሰው ወሰኑ በዓመት ቁጥር የተቆረጠ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ለአንድ ዘመን መነሻ ከመላው ዓለም አንድ ሥፍራ፣ በሥፍራውም ላይ አንድ የድንጋይ ንጣፍ ይመርጣሉ። ከዚያ በታች ያለው ያለፈው ዘመን፣ በላይ ያለው አዲሱ ነው። መለኪያ ሲሻሻል ቁጥሩ ሊታረም ይችላል፤ ነጥቡ ግን በድምፅ ካልተሻረ ካለበት አይነቃነቅም። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ነጥብ በ1972 እ.ኤ.አ. በያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ክሎንክ ላይ ጸደቀ።

የፕላይስቶሲን መነሻ ግን ተሽሯል። ቀድሞ በደቡብ ጣሊያን ቭሪካ፣ 1.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ንጣፍ ላይ ነበር። ታላቁ የምድር ቅዝቃዜ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው የሚሉ ባለሙያዎች ለዓመታት ተከራከሩ። በ2009 ዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንስ ኅብረት ወሰኑን ወደ ሲሲሊ፣ ሞንቴ ሳን ኒኮላ ወሰደው። ዕድሜው 2.58 ሚሊዮን ዓመት ነው። እዚያ የሚታየው የጥንት የባሕር ወለል ደለል ነው፤ በመካከሉ ጠቆር ያለ ንጣፍ አለ፤ ወሰኑ ከእሱ በላይ ይጀምራል።

የሲሲሊ የባሕር ደለል ድንቅነሽ በተገኘችበት አፋር ላይ የለም፤ ታዲያ እንዴት ይዛመዳሉ? በዚያው ጊዜ አካባቢ የምድር መግነጢሳዊ ዋልታዎች ቦታ ተለዋወጡ። ያኔ ኮምፓስ ቢኖር መርፌው ወደ ደቡብ ያመለክት ነበር። ደለል ሲረጋ፣ ላቫም ሲቀዘቅዝ፣ በውስጣቸው ያሉት የብረት ማዕድን ቅንጣቶች የጊዜውን አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ለውጡ ባሕር ባልደረሰበት አገር ድንጋይ ላይም ስለሚነበብ፣ እኔ የ2009ኙ ውሳኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። አፋር ላይ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ አለን፤ በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ስለሚለወጥ ዕድሜው ይሰላል።

በመካከለኛው አዋሽ፣ ቡሪ ላይ የተገኘውና በ1999 ይፋ የሆነው የአውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ ቅሪተ አካል 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ይፋ ሲሆን የፕሊዮሲን ነበር፤ ከውሳኔው በኋላ የፕላይስቶሲን ሆነ። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነች ወሰኑ አልነካትም። ተማሪዎች ሆይ፣ ሁለት መጻሕፍት ስለ አንድ ቅሪተ አካል የተለያየ ዘመን ቢነግሯችሁ፣ መጀመሪያ የታተሙበትን ዓመት ተመልከቱ።