ከፓምፕ ሥር የምትታይ ጠብታ



ከሙቅ ገንዳ ፓምፕ ሥር የምትታየው ጠብታ ብዙውን ጊዜ ትናቃለች። ነገር ግን ዘንጉን ተከትላ ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ትዘልቃለች፤ ግራሶውን ታጥባለች፤ ውላ አድራም ሞተሩን ልታቃጥል ትችላለች። ሰው በሚነከርበት ገንዳ አጠገብ ውሃና ኤሌክትሪክ መገናኘታቸው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

«ሲል» የምንለው ውሃ አጋጅ ሁለት ለስላሳ ፊቶች አሉት፤ በአብዛኛው አንዱ ካርቦን፣ ሌላው ሴራሚክ ነው። አንደኛው ከፓምፑ አካል ጋር ረግቶ ሲቀመጥ ሁለተኛው ከዘንጉ ጋር ይዞራል፤ ሞላም ያጣብቃቸዋል። በመካከላቸው ያለው ስስ የውሃ ሽፋን ያለሰልሳቸዋል፤ ያቀዘቅዛቸዋልም። ስለዚህ በደረቁ የዞረ ፓምፕ «ሲሉን» በአጭር ጊዜ ያበላሻል።

ለመለወጥ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ፤ መቋረጡም በመለኪያ ይረጋገጥ፤ ቀጥሎ ቫልቮቹ ይዘጉ። ሁለቱ ፊቶች አብረው ተፋጭተዋልና አብረው ይለወጡ፤ አዲሶቹም በጣት አይነኩ። ጎማው ኢፒዲኤም ከሆነ ግራሶ ስለሚያሳብጠው በሳሙና ውሃ ይግባ። ፓምፑም በውሃ ሳይሞላና አየሩ ሳይወጣ አይነሣ።

አዲሱ ዕቃ ፈጥኖ ካፈሰሰ ግን ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ አንጫን። ያረጀ ኩሽኔታ ዘንጉን ያንቀጠቅጣል፤ መጠኑን የሳተ ኬሚካል ጎማውን ይበላል፤ የኖራ ደለልም ፊቶቹን ይፍቃል። ምክንያቱን ሳይመረምር ዕቃ ብቻ የሚለውጥ ባለሙያ ባለንብረቱን ደጋግሞ ያስከፍላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእኛም ሙያ ነው።