ጓያ፥ አንጎልና የጥንቸል ደም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ ስለ አንድ ጥራጥሬና ስለ አንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ልንነግራችሁ መርጠናል። ጥራጥሬው ጓያ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ከጥንቸል ደም የሚገኝ አንቲቦዲ የሚባል ነገር ነው። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል የሚል ቢኖር፥ እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቡራዩ ገበያ ነው። በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱ፥ ጉልበታቸው እየተጋጨ በእግራቸው ጣት ጫፍ የሚረግጡ አንድ አባት እህል ተራው አጠገብ ይቀመጣሉ። ፖሊዮ መስሎን ነበር። አንድ ቀን እጅ ነሥተን፥ «አባባ፥ እግርዎን ምን አገኘው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ እኔን እኮ ጓያ ነው የሰበረኝ» አሉን። የተወለዱት ወሎ፥ ደላንታ ነው። በወጣትነታቸው ዝናብ ጠፍቶ ሌላው አዝመራ ሲደርቅ ጓያ ብቻውን ቆመ፤ ቆሎውንም ንፍሮውንም ቂጣውንም ከእርሱ አድርገው ለወራት በሉ። አንድ ማለዳ ከመደብ ሲነሡ እግራቸው አልታዘዝ አለ። አእምሯቸው ግን ምንም አልጎደለውም፤ የእህል ዋጋ ሲያሰሉ እኛን ይቀድሙናል።

እኚህ አባት ብቻቸውን አይደሉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 እና በ1977 በጎንደር በኩል በደምቢያና በፎገራ ይኸው ሽባነት እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ከ1995 በኋላም በደላንታ ከ2000 በላይ ሰዎችን አሰናክሏል። በአገራችን ይህን በሽታ አጥብቀው ካጠኑት ሐኪሞች አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው።

መርዙ በ1964 በሕንድ አገር ተለይቶ ታወቀ፤ በአጭሩ ኦዳፕ ይሉታል። ክፋቱ መልኩ ነው። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአብዛኛው ግሉታሜት በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አንዱ ሕዋስ ሲለቀው ሌላው ተቀባይ በሚባል በር ይቀበለዋል። ግሉታሜት ቁልፍ ነው፥ ተቀባዩ ጓጉንቸር ነው እንበል። ኦዳፕ ግሉታሜትን ስለሚመስል፥ አምፓ የሚባለውን ተቀባይ እንደ ሐሰተኛ ቁልፍ ይከፍተዋል። በሩ ያለ ልክ ሲከፈት ሕዋሱ ከመጠን በላይ ይቀሰቀሳል፥ ካልሲየምም ይገባበታል፤ በመጨረሻም ይሞታል። እግርን የሚያዙት ነርቮች የሚጎዱበት ዋናው መንገድ ይህ እንደ ሆነ ይታመናል።

ታዲያ ይህ በር በዐይን የማይታይ ከሆነ፥ የት የት እንዳለ በምን ታወቀ? ጥንቸሏ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት፥ ያንን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ያዘጋጃል፤ አንቲቦዲ ማለት ይህ ነው። ሊቃውንቱ የተቀባዩን አንዲት ትንሽ ቁራሽ ሠርተው፥ ከሌላ ትልቅ ፕሮቲን ጋር አያይዘው ጥንቸሏን ይወጓታል። በየጥቂት ሳምንቱም ይደግሙላታል። ከዚያ ከደሟ ያችን ቁራሽ ብቻ የሚይዘውን አንቲቦዲ አጥርተው፥ ከወረቀት በሳሳ የአንጎል ቅጠል ላይ ያፈሱታል። ተቀባዩ ባለበት ይጣበቃል፤ የቀረው በውኃ ይታጠባል። ራሱ ስለማይታይም፥ የጥንቸልን አንቲቦዲ የሚይዝ፥ ከፍየል የተገኘና የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት ሌላ አንቲቦዲ ይከተለዋል። በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት ተቀባዮቹ ማታ ከኮረብታ ላይ ሆነን እንደምናየው የከተማ መብራት ነጥብ ነጥብ ብለው ይበራሉ።

ነገር ግን የበራ ሁሉ እውነት አይደለም። አንቲቦዲው ሌላ ተመሳሳይ ፕሮቲን ይዞ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ያ ተቀባይ ከነጭራሹ በሌለባት አይጥ አንጎል ላይም ይሞክረዋል፤ እዚያም ከበራ አንቲቦዲው ሐሰተኛ ምስክር ነው። እኛን እጅግ ደስ ያሰኘን ይህ የሥራው ክፍል ነው፤ በፈተና ጊዜ መልሳችንን እንዲህ ብንመረምር ኖሮ መምህራኖቻችን ባረፉ ነበር!

ጥንቸሎቹም አንድ ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር አስተምረዋል። አሜሪካ ውስጥ ሊቃውንት ለላቦራቶሪ የሚሆን አንቲቦዲ ብቻ ፈልገው ከግሉታሜት ተቀባዮች አንዱን ለጥንቸሎች ወጉ፤ ከጥንቸሎቹም የሚጥል በሽታ የያዛቸው ተገኙ። አንጎላቸው ሲመረመር ራስሙሰን የተባለውን ከባድ የሕፃናት ሕመም የሚመስል ቁስል ታየበት። በ1994 ይህን አሳተሙ። ምንም እንኳ ያ አንቲቦዲ በብዙዎቹ ሕመምተኞች ላይ እንደማይገኝ ኋላ ቢታወቅም፥ የገዛ ሰውነታችን አንቲቦዲ የአንጎልን በር ሊያጠቃ መቻሉ በ2007 በሌላ የግሉታሜት ተቀባይ ላይ በግልጽ ተረጋግጧል።

ወደ ማጀት እንመለስ። ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው አማረ ይባላል፤ መቼም ጓያ ብቻ አልነበረም። በደላንታ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፥ አደጋው የሚብሰው ጓያን በእሸቱ፥ በንፍሮና በቆሎ መልክ ለረጅም ጊዜ ሲበሉት ነው፤ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 ዋሴ የተባለ መርዙ ያነሰ ዘር አውጥቷል። ይሁን እንጂ መርዙ በድርቅ ጊዜ ስለሚጨምር፥ ገበሬው ጓያን አብዝቶ በሚፈልግበት ዓመት ጓያውም ይከፋበታል።

ይህን ሁሉ ለእኚያ አባት ነገርናቸው። «እግሬን ይመልሰዋል?» አሉን። የሞተውን ሕዋስ የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለምና፥ «አይመልሰውም፥ አባባ» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ምርኩዛቸውን አስተካከሉና፥ «ያ ዋሴ ያላችሁት ዘር ደላንታ ደርሶ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁን። ጠይቀን በሚመጣው የገበያ ቀን ልንነግራቸው ተቀጣጥረናል።