መድኃኒትና መጠኑ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጤና ክበብ አባሎች ስም የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል እያንዳንዱ ክበብ በዓመቱ ውስጥ ካጠናው ነገር ጥቂቱን ለጉባኤው እንዲያቀርብ በታዘዘው መሠረት፣ እኛም የጤና ክበብ አባሎች ስለ መድኃኒት አሠራር ጥቂት ቃል ለመናገር ቆመናል። ሐኪሞች አይደለንም፤ ገና ተማሪዎች ነን። ነገር ግን የምንናገርበት ጉዳይ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከስሙ እንነሣ። የመድኃኒትን ጠባይና ሥራ የሚመረምረው ትምህርት ፋርማኮሎጂ ይባላል። ቃሉ የወጣው ፋርማኮን ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ፋርማኮን ደግሞ በጥንት ግሪኮች ዘንድ መድኃኒትም መርዝም ማለት ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቋንቋችን መድኃኒት የሚለው ቃል የተገኘው ድኅነ፣ ማለት ዳነ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ «እገሌን መድኃኒት አበሉት» ሲባል ግን ስለ መዳን እንዳልተነገረ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያድነውና የሚጎዳው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ፓራሴልሰስም ያስተማረው ይህንኑ ነበር።

አያቶቻችን ይህን በኮሶ ያውቁታል። የኮሶ አበባ ተፈጭቶና ተበጥብጦ ሲጠጣ የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን ለብዙ ዘመን ዋና መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ መጠኑ በእጅ ግምት ስለሚለካ፣ ከጠጪዎቹ አንዳንዱ ትሉ ሲወጣለት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከልክ በላይ ጠጥቶ ክፉኛ ያስመልሰውና ይደክም ነበር። የዘመናዊው ትምህርት ሥራ የአባቶችን ዕውቀት መናቅ አይደለም፤ በአበባው ወይም በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ኃይል ለይቶ መመዘን ነው እንጂ። ለዚህ ምስክር የሚሆኑን ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ከጥንት ጀምሮ የልብስ ማጠቢያ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቆም ብለው ጠየቁ፣ ለኩም። ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን አንድ ክኒን ከተዋጠ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ እንመልከት። መንገዱ በአራት ይከፈላል፤ ይኸውም መግባት፣ መሠራጨት፣ መለወጥና መውጣት ነው። ክኒኑ በሆድ ይሟሟል፤ አብዛኛውም በቀጭኑ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። ከአንጀት የሚነሣው ደም በመጀመሪያ በጉበት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በመላ አካላት ይሠራጫል። ራሱን ያመመው ሰው የዋጠው ክኒን ራስን ለይቶ የሚያውቅ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል፤ መድኃኒቱ ወደ እግር ጣትም ይሄዳል። ሥራውን የሚሠራው ግን የሚስማማው ተቀባይ ባለበት ቦታ ነው፤ መክፈቻ ከራሱ ቁልፍ በቀር ሌላውን እንደማይከፍት ማለት ነው። ከዚያም ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊትም ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊጠራቀምበት ስለሚችል፣ ሐኪሙ ስለዚህ አስቀድሞ ይጠይቃል።

መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መርፌ ወደ ደም ቶሎ ይደርሳል፤ መዋጥ ለማይችልና በጽኑ ለታመመ ሰውም አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ቶሎ መድረስ የተሻለ መፈወስ ማለት አይደለም። ክኒን የሚበቃው ሕመምተኛ መርፌ ካልተወጋሁ ብሎ ሐኪሙን ባያስጨንቅ መልካም ነው።

መድኃኒት በደም ውስጥ ለዘለዓለም አይኖርም። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀው ጊዜ የግማሽ ዕድሜ ይባላል። የአንድ መድኃኒት የግማሽ ዕድሜ 2 ሰዓት ቢሆን፣ በሰውነት ውስጥ የነበረው 400 ሚሊ ግራም ከ2 ሰዓት በኋላ 200፣ ከ4 ሰዓት በኋላ 100፣ ከ6 ሰዓት በኋላ 50 ይሆናል። በቀን 3 ጊዜ የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው ከዚህ ሒሳብ ነው። ስለዚህ በቀን 3 ጊዜ በእኩል ልዩነት ውሰዱ ከተባለ በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው፤ ለምሳሌ ከጧቱ በ12 ሰዓት፣ ከቀኑ በ8 ሰዓትና ከሌሊቱ በ4 ሰዓት። ጧት የተረሳውን በማታው ላይ ደርቦ መዋጥ ግን ሒሳቡን ያፈርሳል።

የዚህን ነገር ክብደት የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እናቅርብ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን በ1928 በለንደን አገኘ፤ ለሕክምና እንዲውል አድርገው ያጣሩት ግን በኦክስፎርድ ፍሎሪ፣ ቼይንና ጓደኞቻቸው ነበሩ። በየካቲት 1941 አልበርት አሌክሳንደር ለተባለ ፖሊስ ሰጡት። ሰውየው ፊቱን ያመረቀዘ ጽኑ ሕመም ይዞት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ትኩሳቱ በረደ፣ መብላትም ጀመረ። ነገር ግን ፔኒሲሊን ከሰውነት የሚወጣው እጅግ ፈጥኖ ነው፤ በዓለም ላይ የተሠራውም ጥቂት ነበር። ሊቃውንቱ ከሽንቱ ውስጥ መልሰው እስከ ማጣራት ቢደርሱም መድኃኒቱ አለቀ፤ በሽታው አገረሸ፤ በመጋቢት 1941 ሰውየው ሞተ። እርሱ የሞተው መድኃኒት ስለ ታጣ ነው። ዛሬ መድኃኒት በእጃችን እያለ፣ ገና ትኩሳቱ በረድ ሲል ተሻለኝ ብለን የቀረውን ለሌላ ጊዜ ብናስቀምጥ ምን ይባላል?

ነገሩ በአንድ ሰው ላይም አይቆምም። ፔኒሲሊንና መሰሎቹ አንቲባዮቲክ ይባላሉ፤ የሚገድሉትም ባክቴሪያን ነው። ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ስለ ሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ያለ ምክንያት ወይም ያለ መጠኑ በተወሰደ ቁጥር ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ መቋቋም የቻሉት ይተርፋሉ፣ ይራባሉም፤ ከዚያም ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ስለዚህ አደጋ አስጠንቅቆ ነበር። በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት እንደ ገመተው፣ በ2019 መድኃኒትን በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞቱት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ፣ ሳሉ ከተወው በኋላ እንኳ፣ የተለመደውን ሕክምና 6 ወር እንዲከተል የሚታዘዘው ስለዚሁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ወላጆቻችን እንዲያስተውሉት የምንፈልገው የሕፃናትን መጠን ነው። ሕፃን ትንሽ አዋቂ አይደለም። ለምሳሌ ፓራሲታሞል ለልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ልጁ 12 ኪሎ ቢመዝን፣ 12 ሲባዛ በ15 ቢበዛ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል። የአዋቂው አንድ ክኒን ግን 500 ሚሊ ግራም ነው፤ ማለት ከተፈቀደው ከሁለት እጥፍ በላይ። ለአዋቂም ቢሆን በአንድ ቀንና ሌሊት ከ4 ግራም፣ ማለት ከ8 ክኒን ማለፍ የለበትም፤ ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል፣ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል በውስጣቸው ስላለ፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ሳይታወቅ መጠኑን ያሳልፋል። የሽሮፕ መለኪያም የወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን ከብልቃጡ ጋር የመጣው ይሁን።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ፣ «ይህን ሁሉ ኮምፒዩተር ያሰላው የለምን?» ብለው ጠይቀውናል። እውነት ነው፤ ዛሬ የጤና ተማሪ ከመድኃኒት ጋር ኮምፒዩተርንም ይማራል። መሣሪያው ሥራው አራት ነው፤ የተሰጠውን ይቀበላል፣ ያሰላል፣ ያስቀምጣል፣ ውጤቱን ያሳያል። ፊደሉንም ቁጥሩንም ሁሉ የሚይዘው በ0 እና በ1 ብቻ ነው፤ ስምንቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ባይት ይባላሉ፣ 256 ዓይነት ልዩ ልዩ ምልክትም ይወጣቸዋል። የሕመምተኛውን መዝገብ ያስታውሳል፣ የማይስማሙ ሁለት መድኃኒቶች ሲታዘዙም ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ነገር ግን የልጁን 12 ኪሎ በስሕተት 120 ብለን ብንጽፍለት፣ ማስጠንቀቂያ ካልተበጀለት በቀር፣ ያለ አንዳች መደንገጥ 1800 ሚሊ ግራም ብሎ ይመልሳል። የሚደነግጠው ሕፃኑን በዐይኗ ያየችው ነርስ ናት። ስለዚህ ማሽኑ ሐሳባችንን ያፋጥናል እንጂ በእኛ ፈንታ አያስብም፤ ነጥብና ዜሮ የጤና ሠራተኛ እንደ ዐይኑ ብሌን ሊጠብቃቸው የሚገባ ምልክቶች ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ምክር ጥቂት ነው። የጎረቤት መድኃኒት ለጎረቤት ይቅር፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላልና። ሐኪሙ የወሰነውን ቀን በልኩ እንፈጽም። የሚያበቃበት ቀን ያለፈበትን አንጠቀም። ሁሉንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ እናኑር። ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ፔኒሲሊን አስቀይሞን እንደሆነ፣ እርግዝና እንዳለ፣ የባህል መድኃኒትም ወስደን እንደሆነ ሳናፍር እንንገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ክቡራን ወላጆቻችን፤ ከእኛ መካከል አንዳንዶች ነገ ነርስ፣ ባለ መድኃኒት ወይም ሐኪም ለመሆን ተስፋ ያደርጋሉ። የቀረነው ግን ምንም ሙያ ብንይዝ፣ በየቤታችን ሕመምተኛ የምናስታምም መሆናችን አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ከእናንተ ጋር ሆነን መደርደሪያውን እንድንፈትሽ፣ በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ጮኽ ብለን እንድናነብላችሁ ፍቀዱልን። ያስተማራችሁን ፊደል ለዚህም ይጠቅማል።